አንባቢዎቼ እርስ በርስ እንዲተዋወቁ ምን ላድርግ?

በዚህ ዕትም ሦስት ደብዳቤዎችን መርጫለሁ። ሦስቱም የመጡት በኢንተርኔት ላይ ከሚጽፉና አንባቢዎቻቸውን በማኅበራዊ ሚዲያ ግሩፕ መሰብሰብ ከፈለጉ ሰዎች ነው። የመጀመሪያው ደብዳቤ ብዙ ቦታ ወሰደብኝ፤ ይገባዋልም።

ጥያቄ

ጤና ይስጥልኝ። መስማት የተሳነው የ6 ዓመት ልጅ እናት ነኝ። እሱን ስለማሳደግ በራሴ ጦማር ላይ መጻፍ ከጀመርኩ 8 ወሬ ነው፤ እስካሁን 41 ጽሑፎች አውጥቻለሁ። አንድ ጽሑፍ ባወጣሁ ቁጥር ሊንኩን 23 የፌስቡክ ግሩፖች ላይ እለጥፋለሁ። ከ4ቱ አስወጥተውኛል። በአንዱ ላይ ደግሞ አንዲት ሴት «ማስታወቂያሽን ሌላ ቦታ ውሰጂ» ብላ ጻፈችልኝ። እኔ የምሸጠው ነገር የለኝም፤ ያን ቀን አለቀስኩ። አሁን የራሴን ግሩፕ ልክፈት እያልኩ ነው። ፌስቡክ ይሻላል ወይስ ቴሌግራም? ሰውስ ከየት ላምጣ? ከገቡ በኋላ ዝም ቢሉስ? እንደ ታናሽ እህትዎ ይምከሩኝ።

መልስ

ውድ እህቴ፣ በ8 ወር 41 ጽሑፍ ማለት በሳምንት ከአንድ በላይ ነው፤ ያውም ልጅ እያሳደግሽ። መጻፉን እንዳትተዪው አደራ። የሚስተካከለው ጽሑፉ ወደ ሰው የሚደርስበት መንገድ ነው።

ያቺ ሴት ለምን እንደዚያ እንዳለችሽ ላስረዳሽ፤ እኔም ግሩፕ አስተዳድራለሁና ከእሷ በኩል ሆኖ ማየት አይከብደኝም። ሰላም ብሎ የማያውቅ፣ የማንንም ጥያቄ መልሶ የማያውቅ ሰው ድንገት ብቅ ብሎ ሊንክ ጥሎ ሲሄድ ሳይ ከፍቼ አላነበውም፤ አጠፋዋለሁ። ውስጡ የእናት ልብ ይኑር የጫማ ሽያጭ፣ ከውጭ ሲታይ አንድ ነው። አነጋገሯ ሻካራ ነበር፤ አንቺን ግን አላወቀችሽም። እንድታውቅሽ ደግሞ ዕድል አልሰጠሻትም።

ስለዚህ ከ23ቱ 20ውን ተያቸው። ወላጆች በእውነት የሚጠያየቁባቸውን 3 ግሩፖች ምረጪና ለአንድ ወር ያህል ምንም ሊንክ ሳትለጥፊ ተቀመጪባቸው። አንዲት እናት «ልጄ የመስሚያ መሣሪያውን አውልቆ ይወረውራል፤ ምን ላድርግ?» ብላ ትጠይቃለች እንበል። አንቺ ይህን ያየሽው ነው፤ ምናልባትም ጽፈሽበታል። «እዚህ ገብተሽ አንብቢ» አትበያት። መልሱን ሙሉ በሙሉ እዚያው ጻፊላት፤ መጀመሪያ ቀን ለስንት ደቂቃ እንዳደረግሽለት፣ ሲያወልቀው ምን እንዳልሽው፣ በስንተኛው ሳምንት እንደለመደው። ሌላ ሰው ተጨማሪ ሲጠይቅ ያን ጊዜ ሊንኩን ስጪ፤ ከተቻለ አስቀድመሽ አድሚኑን በውስጥ መስመር አስፈቅጂ። አንድ ሙሉ መልስ የሚያመጣልሽ አንባቢ 23 ቦታ የተበተነ ሊንክ ከሚያመጣው ይበልጣል፤ ደግሞም ስምሽን ያውቃል።

ፌስቡክ ራሱ እ.ኤ.አ. በጥር 2018 ከገጾች ይልቅ የወዳጅ፣ የቤተሰብና የግሩፕ ጽሑፎችን፣ በተለይም ሰው የሚነጋገርባቸውን፣ ወደ ላይ እንደሚያወጣ አስታውቆ ነበር። ማንም መልስ ያልሰጠበት ባዶ ሊንክ ወደ ታች ይሰምጣል። ይህን የምነግርሽ ዘዴ እንድትፈልጊ አይደለም፤ ዝምታው የጽሑፍሽ ጥራት ፍርድ ሆኖ እንዳይታይሽ ነው።

አሁን ወደ ራስሽ ግሩፕ እንሂድ። የእኔን ልንገርሽ። ስለ ልብስ ስፌት እጽፋለሁ። የመጀመሪያውን ግሩፕ የከፈትኩት ስልኬ ውስጥ ያለውን ሰው ሁሉ ሳልጠይቅ በአንድ ቀን በማስገባት ነበር፤ ወደ 600 ሰው። በሳምንቱ ከ200 በላይ ወጡ። የቀሩት ዝም አሉ። በየሳምንቱ አዲስ ጽሑፍ እለጥፋለሁ፣ ሁለት ሰው አውራ ጣት ያሳየኛል፣ ያልቃል። 7 ወር እንደዚህ ሄጄ ዘጋሁት።

ሁለተኛውን የጀመርኩት በ11 ሴቶች ነው። ከጽሑፎቼ ሥር ከአንድ ጊዜ በላይ አስተያየት የጻፉትን ወይም በውስጥ መስመር ጥያቄ የላኩልኝን በወረቀት ላይ ጻፍኳቸው፤ 14 ሆኑ። ለእያንዳንዳቸው ለየብቻ፣ ያለችኝን ነገር እያነሳሁ፣ መልእክት ላክሁ፦ «ባለፈው ስለ አንገትጌ የጠየቅሽኝ ነገር ከአእምሮዬ አልጠፋም። ትንሽ ግሩፕ ልከፍት ነው፤ ብትገቢ ደስ ይለኛል፣ ባትገቢም አልቀየምም።» 11ዱ ገቡ። በመጀመሪያው ቀን ጽሑፌን አልለጠፍኩም። የግራውን እጅጌ በቀኝ፣ የቀኙን በግራ የሰፋሁበትን ቀሚስ ፎቶ አንስቼ «እናንተስ ያበላሻችሁት የትኛውን ነው?» አልኳቸው። በዚያው ማታ 7ቱ የየራሳቸውን አሳዩ። አንዷ ዚፑን ገልብጣ የሰፋችበትን ቀሚስ ስታሳይ ሌላዋ ጨርቁ ሳይቀደድ እንዴት እንደሚተረተር መለሰችላት፤ በአንዱ ፊት በየአራተኛው ስፌት ክሩን መቁረጥ፣ ከዚያ ከሌላኛው ፊት ክሩን መሳብ። እኔ ይህን አላውቅም ነበር። በዚያች ሰዓት፣ አንባቢዬ ለአንባቢዬ ስትመልስ እኔ ዝም ብዬ ሳነብ፣ ከዚያ በፊት 7 ወር ምን እንደጎደለኝ ገባኝ። 600ዎቹን ከራሴ ጋር እንጂ እርስ በርሳቸው አገናኝቻቸው አላውቅም ነበር።

ስለዚህ «ሰው ከየት ላምጣ?» ላልሽው መልሱ እጅሽ ላይ ነው። 8 ወር ሙሉ የጻፉልሽ ሰዎች አሉ። ቁጠሪያቸው። 6 ከሆኑ በ6 ጀምሪ። ለየብቻ ጻፊላቸው። ለሁሉም አንድ ዓይነት መልእክት ገልብጦ መላክ ያስታውቃል፤ ሰውም ይሸሸዋል።

ፌስቡክ ወይስ ቴሌግራም ለሚለው ሁሉም የራሱ ጠባይ አለው። ዋትስአፕን ለአንቺ አልመክርም፤ ግሩፑ 1,024 ሰው ላይ ስለሚቆም ሳይሆን የእያንዳንዷ እናት ስልክ ቁጥር ለማታውቀው አባል ሁሉ ስለሚታይ ነው። ቴሌግራም ላይ ቁጥርን በሴቲንግ መደበቅ ይቻላል፣ ግሩፑም እስከ 200,000 ሰው ይይዛል። ችግሩ ወሬው እንደ ወንዝ መፍሰሱ ነው፤ ሰኞ የተሰጠ ጥሩ ምክር ዓርብ ላይ ከ400 መልእክት ሥር ተቀብሮ ይገኛል። ፌስቡክ ላይ ግን ጥያቄው ራሱን ችሎ ይቀመጣል፣ መልሶቹም ከሥሩ ይደረደራሉ፤ ከዓመት በኋላ የምትመጣ እናት «መስሚያ» ብላ ፈልጋ ታገኘዋለች። የምክር ግሩፕ እንዲህ ያለ ትውስታ ያስፈልገዋል። እኔ ብሆን ፕራይቬት የሆነ፣ ስሙ ግን ሲፈለግ የሚገኝ የፌስቡክ ግሩፕ እከፍት ነበር። ሆኖም ከእኔ አስተያየት በፊት እነዚያን 6 ወይም 11 ሰዎች «ማታ ልጆቹ ከተኙ በኋላ ስልካችሁን ስትከፍቱ መጀመሪያ የምትገቡት የት ነው?» ብለሽ ጠይቂ። ሁሉም ቴሌግራም ካሉሽ ቴሌግራም ክፈቺ። ሰው ካለበት ቦታ ተነስቶ አንቺን ፍለጋ አይመጣም።

ፌስቡክን ከመረጥሽ አባል ለመሆን ለሚያመለክት ሰው እስከ 3 የመግቢያ ጥያቄ ማቅረብ ትችያለሽ። አንዱ «መስማት ከተሳናቸው ሰዎች ጋር ያለዎት ግንኙነት ምንድን ነው?» ይሁን። ይህ ጥያቄ ብዙ ነገር ያጣራል። የተጨነቁ እናቶች ባሉበት ቦታ ሁሉ «ልጅሽን በ3 ወር እንዲሰማ የሚያደርግ መድኃኒት» ይዞ የሚመጣ ሰው አይጠፋምና በዚህ ላይ አትለሳለሺ። አንድ ጊዜ ከለጠፈ ማስጠንቀቂያ አያስፈልገውም፤ ይውጣ።

ሌላው ደንብ የልጆች ጉዳይ ነው። ፕራይቬት የሚለው ቃል ሰውን ያዘናጋል። ማንም አባል ስክሪንሾት አንስቶ ወደ ፈለገበት ሊወስደው ይችላል። የልጅ ሙሉ ስም፣ ትምህርት ቤቱ፣ ፊቱ የሚታይበት ፎቶ ከሕክምና ወረቀቱ ጋር አብሮ እንዳይለጠፍ ከመጀመሪያው ቀን ጻፊና ፒን አድርጊው። ይህን ደንብ መጀመሪያ የምታከብሪው አንቺ ነሽ። ልጅሽ አሁን 6 ዓመቱ ነው፤ 16 ሲሞላው የጻፍሽለትን ሁሉ ያነበዋል።

አንድ ነገር በተለይ ለአንቺ ግሩፕ። የድምፅ መልእክት አይፈቀድ፤ ወይም ከድምፁ ጋር ጽሑፉ አብሮ ይምጣ። መስማት የተሳናቸው ወላጆች ሊገቡ ይችላሉ። አድገው ራሳቸውን የቻሉ መስማት የተሳናቸው ሰዎችም ይግቡ፤ እንዲያውም አንቺ ሄደሽ ጋብዣቸው። ልጅ ሆነው ምን እንደጎዳቸው፣ ምን እንዳስደሰታቸው ከእነሱ በላይ ሊነግርሽ የሚችል የለም። ስለ እነሱ የሚወራበት ቤት ውስጥ እነሱ የማይሰሙት ወሬ ቢበዛ ምን ይሰማቸዋል?

«ዝም ቢሉስ?» አልሽኝ። አብዛኞቹ ዝም ይላሉ፤ አትደንግጪ። ያኮብ ኒልሰን የተባለው የድረ ገጽ አጠቃቀም ባለሙያ እ.ኤ.አ. በ2006 ባሳተመው ጽሑፍ በአብዛኞቹ የኢንተርኔት ማኅበረሰቦች ከ100 ሰው 90ው እንደሚያነብ ብቻ፣ 9ኙ አልፎ አልፎ እንደሚጽፍ፣ 1ዱ ደግሞ አብዛኛውን እንደሚጽፍ በግምት አስቀምጦታል። የሚያነቡት 90ዎቹም አንባቢዎችሽ ናቸው። «ለምን ዝም ትላላችሁ?» ብለሽ እንዳትወቅሻቸው፤ አንዳንዷ የምታነበው የራሷን ልጅ ጉዳይ ለባሏ እንኳ አውጥታ መናገር ሳትጀምር ነው።

ሊናገሩ የሚችሉት እንዲናገሩ ግን ጥያቄሽን አስተካክዪው። «በጽሑፉ ላይ ምን አስተያየት አላችሁ?» ሲባል ሰው ፈተና ላይ የተቀመጠ ይመስለዋል። ስለ አስተያየት ሳይሆን ስለ ትናንት ማታ ጠይቂ። ለምሳሌ አንቺ በየቀኑ የምትኖሪው ነገር አለ፦ መብራት ከጠፋ በኋላ መስማት የተሳነው ልጅ እጅሽንም ፊትሽንም አያይም። ሲፈራ ምን ታደርጊለታለሽ? «መብራት ካጠፋችሁ በኋላ ልጃችሁ ሲፈራ እንዴት ታረጋጉታላችሁ?» ብለሽ ጠይቂና የራስሽን በሁለት መስመር አስቀድሚ። ይህን ለመመለስ ባለሙያ መሆን አያስፈልግም፤ ትናንት ማታ ልጅ ማስተኛት በቂ ነው። መልስ የሰጠችን እናት «አመሰግናለሁ» ብለሽ አትሸኚያት። «ከስንት ዓመቱ ጀምሮ ነው?» ብለሽ አንድ ነገር ጨምረሽ ጠይቂያት፤ ሁለተኛዋና ሦስተኛዋ እናት የሚገቡት በዚህ ክፍተት ነው።

ከዚያ ጽሑፍሽ ይለወጣል። በግሩፑ ውስጥ 20 እናቶች ስለ ሌሊቱ ከተናገሩ፣ አንቺ 42ኛውን ጽሑፍ ስለ ሌሊት ትጽፊያለሽ። አስፈቅደሽ፣ ስም ሳትጠሪ፣ ያሉትን ትጠቅሻለሽ። ከዚያም «ባለፈው ሳምንት የጠየቃችሁትና የመለሳችሁት ነገር ተሰብስቦ እዚህ አለ» ብለሽ ሊንኩን ትለጥፊያለሽ። ያው ሊንክ ነው፤ አሁን ግን የራሳቸው ቃል ስላለበት ይከፍቱታል፣ ለእህታቸውም ይልኩታል።

የምትሰበስቢውን ሁሉ ግን በተውሶ ቤት ብቻ አትተዪው። ያሁ ግሩፕስ እ.ኤ.አ. በ2001 የተከፈተ፣ ብዙ ሰው ዕውቀቱን ያከማቸበት ቦታ ነበር። በ2019 መጨረሻ አካባቢ የተከማቸውን መሰረዝ ጀመረ፣ ታኅሣሥ 15 ቀን 2020 ጨርሶ ተዘጋ። ጉግል ፕላስ የተባለው የጉግል ማኅበራዊ ሚዲያም በሚያዝያ 2019 ለተራ ተጠቃሚዎች ተዘግቷል። ስለዚህ ጥሩ መልሶችን በባለቤቶቹ ፈቃድ በየወሩ ወደ ጦማርሽ ውሰጃቸው፤ ለሚፈልጉ አባላትም አዲስ ጽሑፍ በኢሜይል እንዲደርሳቸው አድራሻቸውን መዝግቢ። ከጊዜ በኋላ ደግሞ ከአባላቱ መካከል አንዷን ሁለተኛ አድሚን አድርጊ። እኔ ታምሜ 2 ሳምንት ስጠፋ ብቻዬን ነበርኩ፤ ስመለስ ግሩፑ በብድር ማስታወቂያ ተሞልቶ ነበር፣ ለማጽዳት 3 ቀን ፈጀብኝ።

ጥያቄ

ጡረታ የወጣሁ የቋንቋ መምህር ነኝ። ስለ ቃላት አመጣጥና ስለ ሰዋስው የምጽፈውን የሚከታተል የቴሌግራም ግሩፕ አለኝ፤ አባላቱ 3,400 ደርሰዋል። ችግሬ በየጠዋቱ የአበባ ሥዕል ያለበት ሰላምታና ከሌላ ቦታ ፎርዋርድ የተደረገ ነገር መጉረፉ ነው። ጽሑፌ በ10 ደቂቃ ውስጥ ከዓይን ይጠፋል። «እባካችሁ አቁሙ» ብል ብዙዎች ተቀየሙ፤ አንዳንዶቹም ወጡ።

መልስ

መምህር፣ በሰላምታ የተቀየሙት ሰዎች ከእርስዎ ጋር መሆን የሚወዱ ናቸው፤ ቦታ ስለሌላቸው ነው የእርስዎን ቦታ የያዙት። ሰላምታውን አይከልክሏቸው፤ ክፍል ይስጧቸው። ቴሌግራም ከ2022 ጀምሮ አንድን ግሩፕ በርዕስ በርዕስ መከፋፈል አስችሏል። አንዱን «ሰላምታና ጨዋታ»፣ አንዱን «የቃላት ጥያቄ»፣ አንዱን «የሰዋስው ጥያቄ» ብለው ይክፈቱ። የአበባው ሥዕል ወደ መጀመሪያው ይሂድ።

ጽሑፍዎን ደግሞ ከጫጫታው ያውጡት። እርስዎ ብቻ የሚጽፉበት ቻናል ይክፈቱና ከውይይት ግሩፕ ጋር ያገናኙት። ጽሑፉ በቻናሉ ላይ ረግቶ ይቀመጣል፣ አስተያየቱ ከሥሩ ይሰበሰባል። የመልእክቱ ፍጥነት አሁንም ከበዛ አድሚን አንድ አባል በሁለት መልእክት መካከል የሚቆይበትን ጊዜ ከጥቂት ሰከንድ እስከ 1 ሰዓት መወሰን ይችላል፤ በ1 ደቂቃ ይጀምሩት። ፎቶና ቪዲዮ መላክንም ለጊዜው መዝጋት ይቻላል።

ለውጡን ከማድረግዎ በፊት ግን በየቀኑ ሰላምታ ከሚልኩት መካከል ሁለቱን በውስጥ መስመር ያነጋግሩና የሰላምታውን ክፍል እንዲያስተናግዱልዎ ይለምኗቸው። እርስዎ መምህር ነዎት፤ ከኋላ ተቀምጦ የሚያወራውን ተማሪ አለቃ ሲያደርጉት ምን እንደሚሆን ከእኔ በላይ ያውቃሉ። የወጡትን አይቁጠሩ። አንድ ቃል ጥለው ስንት ሰው «በእኛ ቤት እንዲህ ይባላል» ብሎ እንደመለሰ ይቁጠሩ።

ጥያቄ

የብስክሌት ጥገና እጽፋለሁ። 260 ሰው ባለበት ግሩፔ ውስጥ ከሁሉም በላይ ሥራውን የሚያውቀው ሰው ጀማሪዎችን ይሰድባል። ትናንት ፍሬን ማስተካከል ያቃታትን አንዲት ልጅ «ብስክሌቱን ሽጪው» አላት። ጥያቄዋን አጥፍታ ዝም አለች። ላስወጣው? ዕውቀቱን ማጣት አልፈልግም።

መልስ

ወንድሜ፣ ዕውቀቱን እያጣኸው ነው። ልጅቷ ጥያቄዋን ስታጠፋ ለእሷ ሊሰጥ የነበረው መልስም አብሮ ጠፍቷል፤ ያዩት ሌሎች ጀማሪዎችም ጥያቄያቸውን ዋጥ አድርገዋል። እነሱን አታያቸውም እንጂ ቁጥራቸው ትንሽ አይደለም።

ሰውየውን በሁሉ ፊት አትገሥጸው፤ ለብቻው ጻፍለት። «ሰዎችን አክብር» የሚል ደረቅ ቃል ሳይሆን ራሱ የጻፈውን ዓረፍተ ነገር መልሰህ አሳየው፣ ልጅቷም ጥያቄዋን እንዳጠፋች ንገረው። ምናልባት አላየም። በእውቀቱ እንደምትኮራበትም ንገረው፤ እውነት ነውና። ከደገመው ለአንድ ሳምንት መጻፍ እንዳይችል አድርግ፣ ለምን እንደሆነም ግለጽለት። በሦስተኛው ይውጣ።

ከዚህ ሁሉ በፊት ግን ለልጅቷ ጻፍላት፤ ዛሬውኑ። ጥያቄዋን እንዳየኸው ንገራትና ፍሬኑን እንዴት እንደሚስተካከል አንተ ራስህ አስረዳት። ካስተካከለችው ፎቶውን በግሩፑ ላይ ትለጥፈው እንደሆነ ጠይቃት።